«እናንተ ለስላሳ ጠጡ» ሲሉን



ሰሚስተሩ ሊያልቅ ሲል በየክፍላችን አንድ ግብዣ ይዞራል። ፕሮጀክት ገብቷል፣ የመጨረሻው ፈተና አልቋል፣ ወይም የአንዱ ልደት ደርሷል፤ «ዛሬ ማታ ወጣ እንበል» ይባላል። ወዴት ሲባል፣ ከሁለተኛው በር ወጣ ብሎ፣ ድሮ ፎቶ ኮፒ ቤት በነበረበት ቦታ ወደተከፈተው ኮክቴል ቤት። እኛ ትንሽ ስናመነታ ደግሞ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ «እናንተ ለስላሳ ጠጡ፤ ማን አስገደዳችሁ?»

ይህን የሚሉን ሰዎች ጠላቶቻችን አይደሉም። ስለዚህ ጉዳይ በደዕዋ ፕሮግራሞቻችን ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ስለሆነ ቀድመን እንበለው። ፍሬሽ እያለን ካልኩለስ ሲያስጨንቀን ላይብረሪ አብረውን ያነጉ፣ ጁሙዓ ሰግደን እስክንመለስ ኖት ይዘው የጠበቁን፣ በረመዷን ለሱሑር የሚጮኸውን ስልካችንን ዶርም ውስጥ ሠላሳ ሌሊት የቻሉ ልጆች ናቸው። አንዳንዶቹ ከአንድ ቀበሌ አብረውን የመጡ ናቸው። ግብዣቸው «ከእኛ ጋር ሁኑ» ነው። ስለዚህ እንቢ ስንል የምናስቀይመው የማናውቀውን ሰው አይደለም።

አምስት ዓመት አብሮ የተማረ ሰው ደግሞ ከምርቃት በኋላም ያስፈልጋል። ነገ ሥራ ሲወጣ የሚደውልልን፣ ቢሮ ሲከፍት የሚያስታውሰን ያው የክፍል ልጅ ነው። «ዱንያ ናት፣ ትቅር» ማለት ለአፍ ይቀላል። በጀመዓችን ውስጥ ይህን ጭንቀት ለብቻቸው የተሸከሙ ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ እናውቃለን፤ አንዳንዶቹ ሄደው ጥግ ላይ ተቀምጠው ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ስልካቸውን ዘግተው ዶርም ይተኛሉ። ሁለቱም መውጫ አይመስለንም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። በየሰፈራችን ያለው ግሮሰሪ ምን እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም። ስሙ የሸቀጥ መደብር ያስመስለዋል እንጂ ውስጡ ድራፍትና አረቄ ነው። ሉሓችንን ይዘን ከመድረሳ ስንመለስ ቤተሰቦቻችን በማዶ ተሻገሩ ይሉን ነበር፤ ውሎ አድሮ ሳይነገረን እንሻገር ነበር። ቦታው ምንነቱን አይደብቅም፤ ሽታው ከሩቅ ይናገራል። አዲሱ ኮክቴል ቤት ግን እንዲያ አይደለም። መብራቱ ያማረ፣ ግድግዳው ለፎቶ የተዘጋጀ ነው፤ ፒዛና በርገር አለው፤ ሜኑው ላይ ማንጎ፣ አናናስ፣ ናዕናዕና ሎሚ ተጽፏል። እዚያው ገጽ ላይ አንዱ መጠጥ ከአልኮል ጋር፣ ያው መጠጥ ደግሞ ያለ አልኮል ይገኛል። ከስሙና ከቀለሙ ምንም አይለይም፤ የሚለየው በዋጋው ነው። ከጅዳ የተመለሰች የአንዳችን አክስት ታፔላውን አይታ ጭማቂ ቤት መስሏት ልትጋብዘን ነበር። አይፈረድባትም፤ በዐረብ አገር ጭማቂ ቤቶች «ኮክቴል» ማለት የፍራፍሬ ቅልቅል ነው፣ እኛ ስፕሪስ እንደምንለው ዓይነት።

ድንበሩ የደበዘዘው እዚህ ላይ ነው። የግሮሰሪው በር ላይ ቆመን «ልግባ ወይስ አልግባ» የሚል ጥያቄ አይነሳብንም። ፒዛ የሚሸጥ፣ ሴቶችም ወንዶችም የክፍላችን ልጆች የሞሉበት ቤት ሲሆን ግን ልብ ይከፈላል። ያለ አልኮል የተባለው መጠጥም ቢሆን፣ ቀላቃዩ የሚንጥበት ዕቃ አንድ መሆኑን፣ በሁለት ትእዛዝ መካከል በውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ብቻ እንደሚያልፍ ባንኮኒው አጠገብ ለአፍታ የቆመ ሰው ያየዋል። ላብራቶሪ ውስጥ አንድ ብልቃጥ በደንብ ሳይታጠብ ለሌላ ናሙና ብንጠቀምበት ሪፖርታችን ተቀባይነት የለውም።

ግን ነገሩ የብርጭቆው ንጽሕና ብቻ ቢሆን ኖሮ የታሸገ ለስላሳ ጉዳዩን ይጨርሰው ነበር። አይጨርሰውም።

ኸምር የተከለከለበትን መንገድ ሁላችንም በመድረሳ ተምረናል። በአንድ ቀን አልነበረም። በሱረቱል በቀራ ጉዳቱ ከጥቅሙ እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ በሱረቱ አን-ኒሳእ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻም በሱረቱል ማኢዳ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። በዚህ በመጨረሻው አንቀጽ የታዘዝነው መጠጣቱን እንድንተው ብቻ ሳይሆን ነገሩን እንድንርቀው ነው። ተከታዩ አንቀጽ ደግሞ ምክንያት ይሰጣል፦ ሸይጧን በመጠጥና በቁማር በመካከላችን ጠላትነትንና ጥላቻን መጣል፣ ከአላህ ዚክርና ከሶላት ማዘናጋት እንደሚፈልግ። የተጠቀሰው የጉበት በሽታ ወይም የገንዘብ ብክነት አይደለም፤ የሰዎች ግንኙነት ነው፤ ሶላት ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ በአላህና በመጨረሻው ቀን ያመነ ሰው መጠጥ በሚዞርበት ማዕድ ላይ እንዳይቀመጥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀዋል። ልብ እንበል፤ ስለ መጠጣት አይደለም የሚናገረው፤ ስለ መቀመጥ ነው። ለግድ ጉዳይ የገባ፣ ሰው ሊያወጣ የገባ፣ ሥራ ሆኖበት የገባ ሰው ፍርዱ እንዴት እንደሆነ ዝርዝሩን ለኡስታዞቻችን እንተዋለን፤ ወላሁ አዕለም። ለመዝናናት ብሎ ሁለትና ሦስት ሰዓት መቀመጥ ግን ከእነዚህ ውስጥ አንዱም አይደለም።

«እናንተ ለስላሳ ጠጡ» የሚለው መፍትሔ እንግዲህ ብርጭቆውን ያያል፣ ማዕዱን አያይም።

ከማዕዱ ጋር የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ ሒሳቡ። ይህን ማንም በግልጽ ሲያነሳው ሰምተን አናውቅም፣ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። ለምሳሌ ያህል ስምንት ሆነን ገባን እንበል። አምስቱ ሁለት ሁለት ኮክቴል ጠጡ፣ የአንዱ ዋጋ 400 ብር ቢሆን 4000 ብር ነው። ሦስታችን የ60 ብር ለስላሳ ጠጣን፣ 180 ብር። ጠቅላላው 4180 ብር። «እኩል እናዋጣ» ይባላል፤ የክፍል ልጆች ልማድ ነውና። ለስምንት ሲካፈል 522 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሰናል። የጠጣነው የ60 ብር ነው፤ ቀሪው 462 ብር ከ50 ሳንቲም የምን ሒሳብ ነው? የኮክቴል። የሦስታችን ሲደመር 1387 ብር ከ50 ሳንቲም ለኸምር ከፈልን ማለት ነው፤ ያውም ቤተሰብ ከላከልን ገንዘብ። ኸምርን በተመለከተ የተረገሙት አሥር ናቸው፤ ሐዲሱ ጠጪውን ብቻ ሳይሆን ጠማቂውን፣ ተሸካሚውን፣ ቀጂውን፣ ሻጩን፣ ገዢውንና የተገዛለትንም ይቆጥራል። ለስላሳ ስለያዝን ከጠጪው ተራ ብንወጣም ሒሳቡ ሲመጣ ከገዢው ተራ ገብተናል። «የእኔን ለብቻ አስሉልኝ» ለማለት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል፤ ስስታም መባልን የሚፈራ ሰው አይለውም።

ይኸው ስሌት ለተመራቂዎች ይብሳል። የጂሲ ኮሚቴ መዋጮ ሲሰበስብ ቲሸርቱ፣ መጽሔቱ፣ የከለር ደይ ቀለሙና የማታው ፓርቲ በአንድ ደረሰኝ ይመጣሉ። ከፓርቲው ብንቀርም ለፓርቲው መጠጥ ከፍለናል። ወደዚህ ኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት። በጀመዓችን ውስጥ አንዳንድ ወንድሞች መልሱ ቀላል እንደሆነ ያስባሉ፦ ከእነዚህ ልጆች ጋር ምን አገናኛችሁ፣ ተዋቸው። ቅንነታቸውን አንጠራጠርም። ግን አነስ (ረ.ዐ.) የተረኩትን እናስታውስ። ኸምር የተከለከለበት ዜና መዲና ውስጥ በተሰማበት ሰዓት አነስ በአቡ ጦልሐ ቤት ለተሰበሰቡ ሰዎች እየቀዱ ነበር። የአዋጅ ነጋሪው ድምፅ ተሰማ፤ አቡ ጦልሐ መጠጡን አውጥተህ ድፋው አሏቸው፤ በመዲና መንገዶች ላይ ፈሰሰ። ክልከላው የደረሰባቸው ወዳጆች ተሰብስበው እየጠጡ ሳለ ነበር። የፈሰሰው መጠጡ ነው፤ ወዳጅነቱ አልፈሰሰም። በእርግጥ እነሱ በሙሉ ሙስሊሞች ነበሩ፣ የእኛ ክፍል ደግሞ እንደዚያ አይደለም። ነገር ግን መጠጥን መድፋትና ሰውን መድፋት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ለሁሉም ይሠራል።

ከዚህ የባሰ ነገርም በመካከላችን አለ። ባለፈው ዓመት አንዲት እህት ጓደኛዋ ታማባት ልትወስዳት ከእንዲህ ያለ ቤት በር ገባች፤ አምስት ደቂቃ አልቆየችም። ከመንገድ ማዶ ፎቶ የተነሳችው ግን ሳምንት ሙሉ በቴሌግራም ዞረ። ላኪው «ለምክር ነው» ይላል። ምክር ለራሷ ለብቻዋ ይነገራል፤ ሁለት መቶ ሰው ባለበት ግሩፕ ውስጥ የሚለጠፍ ሐሜት ነው፣ ባልተጣራ ነገር ላይ ሲሆን ደግሞ ቡህታን ነው። ወንድም ሲሆን «ተሳስቶ ይሆናል» ተብሎ የሚታለፈው እህት ስትሆን ለምን ስሟን እንደሚያጠፋ ራሳችንን እንጠይቅ። የኮክቴል ቤቱ ሐራም ያሳሰበው ሰው የምላሱንም ሐራም ያስብ። እንዲህ ያለ ጀመዓ ያላት እህት ነገ ቢቸግራት ወደ ማን ትመጣለች?

እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን ጥያቄ የፈቱበት መንገድ አለ፤ የምንማርበት ይመስለናል። ክርስቲያን ጎረቤት ሲድር ሙስሊሞቹን ጎረቤቶች ይጠራል። ጠርቶ ግን «ና፣ ያልተከለከልከውን ለቅመህ ብላ» አይልም። በግ ወይም በሬ ለብቻ ይገዛል፤ የሚያርደው ሙስሊም ይጠራል፤ ድስቱ ለብቻ፣ ሠሪዎቹም የእኛው እናቶች ናቸው፤ ለሙስሊም እንግዶች የተለየ ክፍል ወይም ዳስ ይሰጣል፤ ጠላውና ጠጁ ወደዚያ አይደርስም፣ ለስላሳና ብርዝ ይቀርባል። እኛ ስንድር ደግሞ ለክርስቲያኖቹ እንዲሁ እናደርጋለን፣ የሚያርድላቸውን ከእነሱ እንጠራለን። የጾም ወቅት ከሆነ ሽሮውና ምስሩ ይሰናዳል። ይህን ማንም በአዋጅ አላስገደደም። ጋባዡ እንግዳው የማይበላውንና የማይጠጣውን ማወቅ የጋባዥነቱ ክፍል አድርጎ ስለቆጠረው ነው።

በዚያ ድንኳንና በዚህ ኮክቴል ቤት መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። «የእናንተ ማዕድ ለብቻ ተዘጋጅቷል» እና «እናንተ ለስላሳ ጠጡ» አንድ አይደሉም። አንደኛው ከነሃይማኖትህ ጠርቶሃል፤ ሁለተኛው ሃይማኖትህን በር ላይ አስቀምጠህ ብርጭቆህን ብቻ እንድትለይ ይጠይቅሃል። ጓደኞቻችን ከወላጆቻቸው ያነሰ ደግነት ስላላቸው አይደለም። ከተማው ተለውጧል፤ ድግሱን የሚያዘጋጀው ጎረቤት ሳይሆን ባለ ባር ነው፤ ባለ ባር ደግሞ ለማንም የተለየ ዳስ አይተክልም። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የኛ ችግር መጠጡ ብቻ ይመስላቸዋል፤ ስለ ማዕዱ የነገራቸው የለም። ያልነገሩትን ሰው አላወቀም ብሎ መውቀስ ደግሞ አይገባም።

ስለዚህ የምንለው ይህ ነው፦ ግብዣው ከመምጣቱ በፊት ጋባዦች እንሁን። ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚመጣ እንቢታ ድግስ ማፍረስ ይመስላል፤ ቦታው ሳይመረጥ የሚመጣ ሐሳብ ግን ሐሳብ ነው።

በእኛ ክፍል በዚህ ሰሚስተር የሆነውን እንናገር። የዲዛይን ፕሮጀክታችን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ስለ ማክበር ማንም ሳያነሳ፣ «ስንጨርስ ራት በእኛ» አልን። ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ምግብ ቤት ጥብስና ፉል፣ ከዚያ ቡና። ለምን ኮክቴል ቤት እንደማንቀመጥም በሦስት ዓረፍተ ነገር ተናገርን፤ ስብከት አላደረግነውም። መጀመሪያ እሺ ያሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ? የፕሮቴስታንት ልጆች። እነሱም አይጠጡም፤ በየድግሱ ጥግ ላይ ለስላሳ ይዘው የሚቀመጡት እኛ ብቻ አልነበርንም። ቀጥሎ ሴቶቹ፤ ማታ ከዚያ ቤት ወጥቶ በጨለማ ወደ ግቢ መመለስ ለእነሱ ምን እንደሆነ ወንዶቹ ብዙም አናስበውም። ከዚያ ኪሳቸው የሳሳ፤ እነዚህ ከሁሉም ይበዛሉ፣ ግን አይናገሩም። ሙሉ ክፍሉ ወደ መጠጥ ቤት የሚጎተት የሚመስለን አራት አምስት ሰው ድምፁ ከፍ ስለሚል ነው።

ሁሉም ደስ አለው ብለን አንዋሽም። አንዱ «ያለ ቢራ ምን ድግስ አለ» እያለ ሲቀልድ አመሸ፤ ሁለቱ ከራቱ በኋላ ወደ ባራቸው ሄዱ። ይሂዱ፤ እነሱን ማስቆም የእኛ ሥራ አልነበረም። ቡናው ላይ የተነሳው ጨዋታ ግን ፕሮጀክቱን ሲያርም ከነበረው መምህር አነጋገር ተነስቶ እስከ ልጅነት ድረስ ሄደ፤ በረካ እስኪጠጣ የተነሳ ሰው አልነበረም። ዒሻንም በሰዓቱ ሰገድን፤ ምግብ ቤቱ የመስጊድ ጎረቤት መሆኑ ለዚህ ጠቀመን።

ቡና ያልነው ዝም ብለን አይደለም። ይህ ከእኛ አገር የተነሳ ፍሬ በሙስሊሙ ዓለም የተስፋፋው በየመን ሱፊዮች በኩል ነው፤ ለሌሊት ዚክር ነቅተው እንዲያድሩ ይጠጡት ነበር። በ1511 እ.ኤ.አ. የመካው ሙሕተሲብ ኻይር ቤግ ሰዎች በመስጊዱ አጠገብ ማታ ተሰብስበው ሲጠጡ አየ፤ ስኒ እየተቀባበሉ የሚጠጡበት ሁኔታ የመጠጥ ማኅበር መሰለውና ዑለማዎችን ሰብስቦ ቡና አስከለከለ። ክልከላው አልዘለቀም፤ ከካይሮ የመጣው የሱልጣኑ ምላሽ ቡናውን ራሱን አልከለከለም። ከታሪኩ የምንወስደው ግን የኻይር ቤግን ጥያቄ ነው። በፍርዱ ባንስማማም ጥያቄው ሞኝነት አልነበረም፤ ስኒው ውስጥ ምን አለ ከማለት አልፎ ስብስቡ ምን ይመስላል ብሎ ጠይቋል። ምናልባት የኛ ነገር ግልባጩ ነው፤ እኛ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ለስላሳ እስከሆነ ድረስ ስብስቡን ማየት ትተናል። ደግሞም እናስተውል፤ በአማርኛ ሰውን መጋበዝ ሲፈለግ «ሻይ ቡና እንበል» ነበር የሚባለው። አሁን በየዶርሙ የምንሰማው «አንድ ሁለት እንበል» ነው። የመጀመሪያውን ወደ አፋችን ብንመልሰው ማንም አይከፋም፤ ርካሽም ነው።

ከግቢ ውጭ ስላለው ነገር በአጭሩ። ኢንተርንሺፕ የወጣ አንድ ወንድማችን በሳይቱ ላይ የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ የሚከፋፈለው ዓርብ ማታ ግሮሰሪ ውስጥ እንደነበር ነግሮናል። አልገባም። ሁለት ሳምንት የደረሰው የማይፈለገው ሥራ ነበር፣ ብረት መቁጠር። ከዚያ ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ በግልጽ ነገረው፤ ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ እየደረሰ ሥራውን ከእርሱ ይቀበል ጀመር። ተሻሻለ፤ ግን ዓርብ ማታ ከነበሩት እኩል አልሆነም። ይህን የምንጽፈው ዋጋ እንደሚያስከፍል እንድታውቁት ነው። ለአላህ ብሎ የተወ ሰው አላህ እንደሚተካለት እናምናለን፤ መቼና በምን እንደሚተካ ግን የእኛ ቀጠሮ አይደለም።

ሌላ የሚረሳ ነገር፤ ጉዳዩ የሃይማኖት ብቻ አይደለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያም ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ ወጥቷል። ከፍሬሽ እስከ ሁለተኛ ዓመት ያለው አብዛኛው ተማሪ 21 አልሞላውም። በግቢያችን በር ላይ በተደረደሩት ቤቶች መታወቂያ የሚጠይቅ አስተናጋጅ ግን አላየንም። ይህን ከሌሎች የተማሪ ማኅበራት ጋር አብሮ ማንሳት ይቻላል፤ እኛ ብቻችንን ብንናገረው «የሙስሊሞች ነገር» ተብሎ ይቀራል፣ ሕጉ ግን የሁሉም ነው።

ወደ ጂሲው እንመለስ፣ ምክንያቱም ጊዜ ያለው ይህ ነው። የዘንድሮ ኮሚቴ ገና መዋጮ አልጀመረም። የመጽሔቱ፣ የቲሸርቱና የማታው ፓርቲ ሒሳብ በሦስት ተለይቶ እንዲጻፍ፣ ፓርቲው የማይፈልግ ተማሪ የሁለቱን ብቻ እንዲከፍል ከየዲፓርትመንቱ አንድ አንድ ተወካይ ሆነን እንጠይቅ። ጥያቄው ለሙስሊም ተብሎ ባይቀርብ ይሻላል፤ ለማይሳተፍ ሁሉ ነው፣ ከላይ እንዳየነው ደግሞ የማይሳተፈው ብዙ ነው። ገንዘብ ከተሰበሰበ በኋላ አስመልሱልን ማለት ለኮሚቴውም ለእኛም ጠብ ነውና ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ሹራው ደግሞ ከጂሲ ሳምንት በፊት ባለው ሐሙስ፣ ለጀመዓው አባላት ብቻ ሳይሆን ለተመራቂ ጓደኞቻችን ሁሉ የሚሆን የራት ግብዣ እንዲያሰናዳ ሐሳብ አቅርበናል። አሚሩ እሺ ብለዋል፤ የቀረው ሰውና ዕቃ ነው።

በግና ሩዝ በመዋጮ ይገኛል። የቸገረው ድስት ነው፤ በዒድ የተጠቀምንባቸው ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች ለመስጊዱ ተመልሰዋል። ቤተሰቦቻችሁ ከተማ ውስጥ ያሉ፣ የድግስ ድስት፣ ጀበናና ስኒ ማዋስ የምትችሉ፣ ለወንዶች ከዙህር በኋላ በመስገጃው በር፣ ለእህቶች በሴቶች ክፍል በኩል ላሉ አስተባባሪዎች እስከ መጪው ጁሙዓ አሳውቁ። ስንት የክፍል ጓደኛ ይዛችሁ እንደምትመጡም አብራችሁ ንገሯቸው፣ የሚጾም ካለም እንዲሁ፤ ሽሮው በዚያው ልክ ይሠራል።